አቢጌይል ስፓንበርገር ለቨርጂኒያ አገረ ገዢነት ሲወዳደሩ ምን አሉ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በፈረንጆቹ 2025 የቨርጂኒያ ምርጫ ሰሞን ከአሌክሳንድሪያ እስከ ማናሳስ ባለው ማኅበረሰባችን አንድ ጥያቄ በየቡናው ይነሳ ነበር። «ሴትዮዋ ቢመረጡ ለእኛ ምን ይለወጣል?» ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን ብዙ ጊዜ ይደበላለቃል። አንዱ የፌዴራሉን መንግሥት ሥራ ከስቴቱ ጋር ይቀላቅላል። ሌላው እጩዋ ያሉትንና ተቀናቃኛቸው በማስታወቂያ «ብለዋል» ያሉትን አይለይም።

እዚህ ያሰባሰብኩት ስፓንበርገር እጩ ሳሉ በዋና ዋና ጉዳዮች ላይ የያዙትን አቋም ነው። ከየአቋሙ ጎን ሌላ ነገር ጨምሬያለሁ፦ ይህን በራሳቸው ፊርማ ብቻ መፈጸም ይችላሉ? ወይስ የሌላ አካል ፈቃድ ያስፈልጋል? እጩ ቃል ሲገባልን መጀመሪያ ማየት ያለብን ይህን ይመስለኛል። ለየትኛውም ፓርቲ ድምፅ ብንሰጥ፣ ሥልጣኑ የሌለውን ሰው ተስፋ ማድረግ ለኋላ ቅሬታ ይዳርጋል።

ስፓንበርገር ማን ናቸው?

ዴሞክራት ናቸው። ያደጉት በስቴቱ ዋና ከተማ በሪችመንድ ዳርቻ፣ በሄንራይኮ ካውንቲ ነው። በፖስታ አገልግሎት የወንጀል መርማሪ ነበሩ። ከዚያ ለስምንት ዓመት ያህል በሲአይኤ ሠሩ። በ2018 ሪፐብሊካኑን ዴቭ ብራትን በጠባብ ልዩነት አሸንፈው ኮንግረስ ገቡ፤ ሦስት ዙርም አገለገሉ። በ2024 ለኮንግረስ ሳይወዳደሩ ቀርተው ትኩረታቸውን ወደ ሪችመንድ አዞሩ።

በፓርቲያቸው ውስጥ መሀል ላይ ከሚቆሙት ይቆጠራሉ። ከ2020 ምርጫ በኋላ በተደረገ የዴሞክራቶች ዝግ የስልክ ስብሰባ ላይ ስለ ሶሻሊዝምና ስለ ፖሊስ በጀት መቀነስ የሚወራው ወሬ ፓርቲውን ጎድቶታል ብለው በቁጣ መናገራቸው ወጥቶ ነበር። የ2025 ዘመቻቸውም በዚሁ መንገድ የሄደ ነው። ጥንቃቄ የበዛበት፣ በኪስ ጉዳይ ላይ ያተኮረ።

ተቀናቃኛቸው የያኔዋ ምክትል አገረ ገዢ ዊንሰም ኧርል-ሲርስ ነበሩ። ጃማይካ ተወልደው በልጅነታቸው ወደ አሜሪካ የመጡ፣ በማሪን ያገለገሉ ሪፐብሊካን ናቸው። ስለዚህ ማንኛቸውም ቢያሸንፉ ቨርጂኒያ የመጀመሪያዋን ሴት አገረ ገዢ ማግኘቷ አይቀርም ነበር። ኖቬምበር 4 ቀን 2025 ስፓንበርገር ከ57 ከመቶ በላይ ድምፅ አግኝተው አሸነፉ። ጃንዋሪ 17 ቀን 2026 ቃለ መሐላ ፈጸሙ።

የቨርጂኒያ አገረ ገዢ ምን ያህል ሥልጣን አለው?

ይሄን ሳንይዝ ወደ ፊት መሄድ አይጠቅምም። የሥልጣን ዘመኑ አራት ዓመት ነው። በተከታታይ ሁለት ጊዜ መወዳደር በሕገ መንግሥቱ የተከለከለ ነው። ከስፓንበርገር በፊት የነበሩት ሪፐብሊካኑ አገረ ገዢ ግሌን ያንግኪን በ2025 ያልተወዳደሩትም ለዚህ ነው።

ሕግ የሚወጣው ሪችመንድ ባለው ምክር ቤት ነው። 100 ተወካዮችና 40 ሴናተሮች አሉት። አገረ ገዢው የጸደቀውን ሕግ ይፈርማል፣ ማሻሻያ አክሎ ይመልሳል፣ ወይም ውድቅ ያደርጋል። ውድቅ የተደረገን ሕግ መልሶ ለማጽደቅ በሁለቱም ምክር ቤቶች ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልጋል፤ ይህ ደግሞ ከባድ ነው። ስለዚህ ትልቁ ጉልበት «እምቢ» የማለት ጉልበት ነው ማለት ይቻላል። ከዚያ በተረፈ የስቴቱን መሥሪያ ቤቶች በትዕዛዝ ይመራል፣ ሹሞችን ይሾማል፣ በጀት ያቀርባል።

ስፓንበርገር ቃል ከገቡት ውስጥ ብዙው ያንግኪን ውድቅ ያደረጓቸው ሕጎች ናቸው። እነዚህ ተመልሰው ከመጡ የሚቀረው ፊርማ ነው። ሌላው ቃል ግን ገንዘብ ወይም የሌላ አካል ውሳኔ ይፈልጋል።

ዋናው አጀንዳቸው ምን ነበር?

የኑሮ ውድነት። መድኃኒት፣ መብራት፣ ቤት። ስለ ሌላ ነገር ሲጠየቁ እንኳ ወደዚሁ ይመለሱ ነበር።

በጤና በኩል ያነጣጠሩት በመድኃኒት ኩባንያዎችና በኢንሹራንሶች መካከል ቆመው ዋጋ በሚደራደሩት ድርጅቶች ላይ ነው። ፋርማሲ ሄደው «ኢንሹራንስዎ ይሄንን አይሸፍንም፣ ያኛውን ነው የሚሸፍነው» ከተባሉ፣ ዝርዝሩን ያወጡት ብዙ ጊዜ እነዚህ ደላሎች ናቸው። ስፓንበርገር ጥብቅ ቁጥጥር ይደረግባቸው ብለዋል። ኮንግረስ ሳሉ፣ በሜዲኬር ያሉ አረጋውያን ለኢንሱሊን በወር ከ35 ዶላር በላይ እንዳይከፍሉ ያደረገውን የ2022 ሕግ ደግፈዋል።

ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነ ሰዎች የሚሰጠው የመንግሥት የጤና ዋስትና፣ ሜዲኬይድ፣ ግን ሌላ ጣጣ አለው። ቨርጂኒያ ሜዲኬይድን ያስፋፋችው ከጃንዋሪ 2019 ጀምሮ ነው። ከ600,000 በላይ ሰው በዚሁ ገብቷል። በአነስተኛ ደመወዝ የሚሠሩ ብዙ ወገኖቻችንም እዚህ ውስጥ አሉ። በስቴቱ ሕግ ውስጥ ግን አንድ አንቀጽ አለ፦ የፌዴራሉ መንግሥት የወጪ ድርሻ ከ90 ከመቶ በታች ከወረደ ማስፋፊያው ይቋረጣል። ስፓንበርገር ማስፋፊያውን እንደሚደግፉ ተናግረዋል። ገንዘቡን የያዘው ግን ዋሽንግተን ነው።

የመብራት ሂሳብ ለምን ጨመረ? እሳቸውስ ምን አሉ?

በዘመቻው ውስጥ እንደዚህ ጥያቄ ሰውን የነካው የለም ብል አላጋነንኩም። ላውደን ካውንቲ፣ አሽበርን አካባቢ፣ መስኮት አልባ ግዙፍ ሕንፃዎች ተደርድረው ይታያሉ። ከዱለስ አውሮፕላን ማረፊያ ሰው የሚያመላልስ ሾፌር ሁሉ ያውቃቸዋል። ዳታ ሴንተሮች ናቸው። በዓለም ላይ ይህን ያህል ዳታ ሴንተር የተከማቸበት ሌላ ቦታ የለም። እያንዳንዱ ሕንፃ ቀንና ሌሊት መብራት ይስባል። ለእነሱ ሲባል የሚዘረጋው መስመርና የሚሠራው ጣቢያ ወጪ ማን ይክፈል? ክርክሩ እዚህ ላይ ነው።

የስፓንበርገር አቋም «ብዙ የሚጠቀሙት ድርሻቸውን ይክፈሉ» የሚል ነው። ዳታ ሴንተር ይቁም አላሉም። ግብሩንና ሥራውን ይፈልጉታል። ከዚህ ሌላ ስቴቱ ራሱ ብዙ ኃይል እንዲያመነጭ፣ በትላልቅ ባትሪዎች የማከማቸት አቅም እንዲያድግ ይፈልጋሉ። ያንግኪን ቨርጂኒያን ያስወጡበትን የሰሜን ምሥራቅ ስቴቶች የካርቦን ገበያ ስምምነትም እንመለስበት ባይ ናቸው። ኧርል-ሲርስ በበኩላቸው ጥፋቱን የሰጡት ለ2020ው የንጹሕ ኃይል ሕግ ነው። የመብራት ኩባንያው ዶሚኒየን እስከ 2045 ሙሉ በሙሉ ከካርቦን ነፃ ኃይል እንዲያቀርብ የሚያስገድደው ሕግ ማለት ነው። ይህ ሕግ ዋጋ ያንራል የሚለው ክርክር ቀላል አይደለም። የካርቦን ገበያ ስምምነቱ ወጪም በመብራት ሂሳብ ላይ ይታይ ነበር። የስፓንበርገር ደጋፊ የሆነ ሰውም ይህን ሊያስብበት ይገባል።

አሁን ወደ ሥልጣኑ እንምጣ። የመብራት ታሪፍ የሚወስነው አገረ ገዢው አይደለም። ሪችመንድ ያለው የኮርፖሬሽን ኮሚሽን ነው። ሦስት ዳኞች አሉት፤ የሚመርጣቸው ምክር ቤቱ ነው። ኮሚሽኑ በኖቬምበር 2025 ለዶሚኒየን ትልልቅ ደንበኞች፣ ማለትም 25 ሜጋዋትና ከዚያ በላይ ለሚጠቀሙ፣ ከ2027 ጀምሮ የሚሠራ ልዩ የታሪፍ መደብ አጽድቋል። ስፓንበርገር «ድርሻቸውን ይክፈሉ» ሲሉ የነበረው ነገር በከፊል እሳቸው ቢሮ ሳይገቡ በሌላ እጅ ጀመረ ማለት ነው።

የመብራት ቢልዎን ከእነ ዝርዝሩ ያንብቡት። ከመሠረታዊው ዋጋ በታች «ራይደር» እየተባሉ የተደረደሩ ጭማሪዎች አሉ። አንዱ ለነዳጅ፣ ሌላው ለአንድ ፕሮጀክት። ፖለቲከኞቹ የሚጨቃጨቁበት ገንዘብ እዚያ ተጽፎ ይገኛል።

ስለ ቤት ኪራይስ?

ቤት በብዛት ይሠራ፣ ፈቃድ ቶሎ ይሰጥ፣ ስቴቱ ለግንባታ የሚውል ተዘዋዋሪ ገንዘብ ያቅርብ የሚል ዕቅድ ነበራቸው። ተከራይ ኪራይ ሲያዘገይ ከቤት የማስወጣት ሂደት እስኪጀመር የነበረው አምስት ቀን እንዲራዘምም ይፈልጉ ነበር።

የኪራይ ጣሪያ ግን ቃል አልገቡም። ብዙ ሰው «ካውንቲያችን ለምን ኪራዩን አይገድብልንም?» ይላል። ቨርጂኒያ ውስጥ ከተማና ካውንቲ ስቴቱ የሰጣቸውን ሥልጣን ብቻ ነው የሚጠቀሙት። ኪራይ የመገደብ ሥልጣን ስላልተሰጣቸው አሌክሳንድሪያ ብትፈልግም አትችልም። አፓርታማ የት ይሠራ የሚለውን ደግሞ የሚወስኑት እነዚያው ከተሞችና ካውንቲዎች ናቸው። ስለዚህ የቤት ጉዳይ የሚያሳስበው ሰው የካውንቲውን ምርጫ ችላ ማለት የለበትም።

የመኪና ግብሩ ይቀራል?

በየዓመቱ በመኪና ዋጋ ላይ ለካውንቲ የሚከፈለውን ይህን ግብር በሰሜን ቨርጂኒያ መኪና ያለው ሁሉ ያውቀዋል። ፌርፋክስ ውስጥ ኦክቶበር 5 ይከፈላል። ለኡበርና ለታክሲ ሾፌር መኪናው እንጀራው ስለሆነ ሕመሙ እጥፍ ነው።

ግብሩን ጨርሶ ማስቀረት የኧርል-ሲርስ ዋና ቃል ነበር። ስፓንበርገር ሕዝቡ ግብሩን እንደሚጠላው ያውቃሉ፤ ነገር ግን በዚህ ቀን፣ በዚህ መንገድ ይቀራል የሚል ቁርጥ ያለ ዕቅድ አላወጡም። ይህ ከዘመቻቸው ደካማ ጎኖች አንዱ ነበር ብዬ አስባለሁ።

ጉዳዩም አዲስ አይደለም። ጂም ጊልሞር በ1997 አገረ ገዢ ሆነው የተመረጡት «የመኪና ግብር ይቅር» ብለው ነው። ስቴቱ የግብሩን ከፊል ለካውንቲዎች መክፈል ጀመረ። ወጪው ሲንር በዓመት 950 ሚሊዮን ዶላር ላይ ጣሪያ ተደረገበት። ይኸው እስከ ዛሬ አለ። ገንዘቡ የሚሄደው ለካውንቲዎች ነው፤ ከዚያም ትምህርት ቤትና ፖሊስ ይደጎምበታል። እናስቀረው ያለ ሁሉ በምን እንደሚተካው መናገር አለበት።

ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ 15 ዶላር ይሆናል?

ይደግፋሉ። በ2025 የቨርጂኒያ ሚኒመም ዌጅ 12.41 ዶላር ነበር። በጃንዋሪ 2026 ወደ 12.77 ከፍ ብሏል። ምክር ቤቱ ደረጃ በደረጃ ወደ 15 የሚያደርስ ሕግ በ2024ም በ2025ም አጽድቆ ነበር። ሁለቱንም ያንግኪን ውድቅ አደረጉት። ስፓንበርገር ቢመጣልኝ እፈርማለሁ ብለዋል። ይህ በቀጥታ በእጃቸው ያለ ጉዳይ ነው።

ከዚሁ ጋር የሚነሳ ሌላ ነገር አለ። ቨርጂኒያ ውስጥ ከ1947 ጀምሮ ማንም ሠራተኛ ማኅበር እንዲገባ ወይም መዋጮ እንዲከፍል አይገደድም። ማኅበራት ይህ ሕግ እንዲሻር ይፈልጋሉ። ኧርል-ሲርስም «ይሽሩታል» እያሉ ቀሰቀሱ። ስፓንበርገር ሙሉ በሙሉ የሚሽር ሕግ አልፈርምም፣ ማሻሻያ ግን ላይ እችላለሁ አሉ። ይህ መልስ ነጋዴውንም የማኅበር መሪዎቹንም ሙሉ በሙሉ አላስደሰተም።

በትምህርት ላይ ምን አቋም አላቸው?

የመንግሥት ትምህርት ቤት ገንዘብ ወደ ግል ትምህርት ቤት በቫውቸር መልክ መሄዱን ይቃወማሉ። የመምህራን ደመወዝ ይጨምር፣ ባዶ የመምህር ቦታዎች ይሞሉ ይላሉ። ኧርል-ሲርስ በተቃራኒው ወላጅ ገንዘቡን ይዞ የፈለገበት ያስተምር የሚል አቋም ነበራቸው። ልጁን በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ወይም በእስላማዊ ትምህርት ቤት ለሚያስተምር ወላጅ ይህ ትልቅ ልዩነት ነው።

የምክር ቤቱ የራሱ የጥናት ኮሚሽን በ2023 ባወጣው ዘገባ፣ የቨርጂኒያ ትምህርት ቤቶች ለአንድ ተማሪ የሚያገኙት ገንዘብ ከአገሪቱ አማካይ በታች መሆኑን አሳይቷል። ጉድለቱን ለመሙላት በጀት ያስፈልጋል። በጀቱን የሚያጸድቀው ምክር ቤቱ ነው።

ስደተኞችን በሚመለከትስ?

በብዛት የምጠየቀው ይሄንን ነው። ስለዚህ ረጋ ብዬ ልመልስ።

ያንግኪን በፌብሯሪ 2025 ትዕዛዝ ቁጥር 47 የተባለውን አወጡ። ትዕዛዙ የስቴቱ ፖሊስና የማረሚያ ቤቶች መሥሪያ ቤት ከፌዴራሉ የስደተኞች ፖሊስ፣ ከአይስ ጋር ውል ገብተው የእሱን ሥራ እንዲሠሩ የሚያደርግ ነበር። ስፓንበርገር እሽረዋለሁ አሉ። ምክንያታቸው የስቴት ፖሊስ ጊዜ ለስቴት ፖሊስ ሥራ ይዋል የሚል ነበር። ኧርል-ሲርስ ትዕዛዙን ደገፉ፤ ወንጀለኛን ከመንገድ ለማንሳት ይጠቅማል የሚል ነው የእሳቸው ክርክር። ትዕዛዝ የሚሻረው በትዕዛዝ ስለሆነ የማንም ድምፅ አላስፈለገም። ስፓንበርገር ቢሮ በገቡበት ቀን ከፈረሟቸው ትዕዛዞች አንዱ ይህን የሻረው ነው።

ይህ ማለት ግን አይስ ከቨርጂኒያ ወጣ ማለት አይደለም። አንዳንድ ወገኖቻችን እንዲህ ተረድተውት ሰምቻለሁ፤ አደገኛ ስህተት ነው። የፌዴራል መኮንኖች የትም ስቴት ውስጥ ይሠራሉ። የካውንቲ ሸሪፎች ደግሞ ራሳቸው በሕዝብ የተመረጡ ናቸው፤ በራሳቸው ውሳኔ ከአይስ ጋር ሊዋዋሉ ይችላሉ። የአንዱ ካውንቲ ሁኔታ ከሌላው የሚለየው በዚህ ነው።

ቲፒኤስ (ጊዜያዊ የመኖሪያ ጥበቃ)፣ ጥገኝነት፣ ግሪን ካርድ፣ ዜግነት፣ ዲቪ፦ አንዱም በአገረ ገዢ እጅ የለም። ማንም እጩ «አስጨርስላችኋለሁ» ካለ አትመኑ። በስቴቱ እጅ ያለው ለምሳሌ መንጃ ፈቃድ ነው። ከጃንዋሪ 2021 ጀምሮ ሕጋዊ ወረቀት የሌለው ሰው ግብር ማሳወቁንና ሌሎች መስፈርቶችን ካሟላ የመንዳት ካርድ ማውጣት ይችላል። ይህ የሆነው በሕግ ነው፤ የሚለወጠውም በሕግ ነው። የራስዎን ጉዳይ ግን ፈቃድ ያለው ጠበቃ ይይልዎት።

በጽንስ ማቋረጥና በጋብቻ ጉዳይ አቋማቸው ምንድን ነው?

በማኅበረሰባችን ብዙ ሰው በእምነቱ ምክንያት የሚከብደው ርዕስ ነው። ቢሆንም አቋማቸውን ሳልቀባባ ማስቀመጥ አለብኝ። ስፓንበርገር የጽንስ ማቋረጥ መብት በስቴቱ ሕገ መንግሥት ውስጥ እንዲገባ ይደግፋሉ። በተመሳሳይ ጾታዎች መካከል የሚደረግ ጋብቻን የሚከለክለው የ2006 አንቀጽ እንዲወጣም ይደግፋሉ። ኧርል-ሲርስ ሁለቱንም ይቃወሙ ነበር። መራጭ ከዚህ ላይ ኅሊናው ያለውን መወሰን ይችላል።

አሁን ባለው ሕግ ቨርጂኒያ ውስጥ ጽንስ ማቋረጥ እስከ ሁለተኛው ሦስት ወር መጨረሻ ይፈቀዳል። ከዚያ በኋላ የሦስት ሐኪሞች ማረጋገጫ ይጠይቃል። በአገር ደረጃ የነበረውን የጽንስ ማቋረጥ መብት ካነሳው የ2022ቱ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ወዲህ አዲስ ክልከላ ያላወጣች ብቸኛዋ የደቡብ ስቴትም ናት።

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ግን አለ። የሕገ መንግሥት ማሻሻያ የአገረ ገዢ ፊርማ አይፈልግም። ምክር ቤቱ አንዴ ያጸድቀዋል፤ የተወካዮች ምርጫ በመሀል ይደረጋል፤ አዲሱ ምክር ቤት ደግሞ ያጸድቀዋል፤ መጨረሻ ላይ ሕዝብ ይወስናል። እነዚህ ማሻሻያዎችና የእስር ቅጣታቸውን የጨረሱ ሰዎች የመምረጥ መብት እንዲመለስላቸው የሚለው ማሻሻያ በ2025ም በጃንዋሪ 2026ም ጸድቀው ለኖቬምበር 2026 የሕዝብ ድምፅ ተመርተዋል። ስለዚህ የሚደግፍም የሚቃወምም ሰው በአገረ ገዢዋ ላይ ከመከራከር ይልቅ የራሱን ድምፅ መስጠት ይችላል።

በጦር መሣሪያና በማሪዋና ላይስ?

የጥቃት መሣሪያ የሚባሉትን ሽያጭ የሚያግድ ሕግ ቢቀርብልኝ እፈርማለሁ ብለዋል። ያንግኪን ውድቅ ካደረጓቸው አንዱ ነው። የመሣሪያ ባለቤቶች በብርቱ ይቃወሙታል።

ማሪዋና ለአዋቂ በትንሽ መጠን መያዝ ከጁላይ 2021 ጀምሮ አይከለከልም። በዘመቻው ጊዜ ግን ለአዋቂዎች የሚሸጥበት ሕጋዊ የችርቻሮ ገበያ አልነበረም። ስፓንበርገር ቁጥጥር ያለበት ገበያ ይከፈት ባይ ነበሩ።

ከፌዴራል ሥራ ለተባረሩ ሰዎች ምን ቃል ገቡ?

ቨርጂኒያ ውስጥ ከ300,000 በላይ የፌዴራል ሠራተኞች ይኖራሉ። በ2025 የተደረገው ቅነሳ ብዙ ቤት ገብቷል። ከእነሱ ጋር በኮንትራት የሚሠራው፣ ሕንፃቸውን የሚያጸዳው፣ መኪና ማቆሚያቸውን የሚጠብቀው፣ ምሳ የሚሸጥላቸው ሁሉ አብሮ ተነክቷል። ስፓንበርገር ቅነሳውን አጥብቀው ተቹ። ኧርል-ሲርስ ጉዳዩን አቅልለው አይተውታል የሚል ወቀሳ ደረሰባቸው። ምርጫው ደግሞ ኦክቶበር 1 በጀመረው የመንግሥት መዘጋት መሀል ነው የዋለው።

ይሁንና አገረ ገዢ የፌዴራል ሠራተኛን ወደ ሥራው መመለስ አይችልም። የሚቻለው ሌላ ሥራ እንዲያገኝ መርዳትና ስቴቱ በዋሽንግተን ላይ ብቻ እንዳይንጠለጠል ማድረግ ነው። ቃላቸውም ከዚህ አልዘለለም።

ግልጽ መልስ ያልሰጡባቸው ጉዳዮች አሉ?

አሉ። ኦክቶበር 9 ቀን 2025 በኖርፎክ ስቴት ዩኒቨርሲቲ በተደረገው ክርክር ትራንስጀንደር ተማሪዎች የትኛውን መጸዳጃ ቤትና የትኛውን የስፖርት ቡድን ይጠቀሙ ተብለው ደጋግመው ተጠየቁ። ወላጆች፣ መምህራንና የአካባቢው አስተዳዳሪዎች ይወስኑ ከማለት አላለፉም። ጥያቄው ለብዙ ወላጅ አንገብጋቢ ስለነበር ቀጥተኛ መልስ ይገባው ነበር።

ሌላው የጄይ ጆንስ ጉዳይ ነው። የፓርቲያቸው የዐቃቤ ሕግ እጩ በ2022 ስለ ሪፐብሊካኑ የምክር ቤት አፈ ጉባኤ ለሌላ ሰው የላኩት ዓመፅ የተሞላበት የስልክ መልእክት በምርጫው ዋዜማ ወጣ። ስፓንበርገር መልእክቱን አወገዙ፤ ከውድድሩ ይውጡ ግን አላሉም። ጆንስም አሸነፉ።

ለኢትዮጵያስ ምን አቋም አላቸው?

አገረ ገዢ የውጭ ፖሊሲ የለውም። ስለ አገር ቤት ጉዳይ መነጋገር የሚያስፈልገው ከኮንግረስ ተወካይዎና ከሁለቱ ሴናተሮች ጋር ነው።

ግን አንድ የተረሳ ግንኙነት አለ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የሚያርፍበትን ዱለስንና ሬገንን የሚያስተዳድረው ባለሥልጣን 17 የቦርድ አባላት አሉት። ሰባቱን የሚሾመው የቨርጂኒያ አገረ ገዢ ነው። በሁለቱ አውሮፕላን ማረፊያዎች የሚሠራው ወገናችን ብዙ ነው፤ ተሽከርካሪ ወንበር ከሚገፋው እስከ ታክሲ ሾፌሩ። የአውሮፕላን ማረፊያ ሠራተኛ አቤቱታ ሲኖረው አገረ ገዢዋ የሾሟቸውን የቦርድ አባላት መጠየቅ ምክንያት ያለው ነገር ነው። እስካሁን ማኅበሮቻችን ይህን በር በደንብ አላንኳኩትም።

እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው። ድምፅ ስሰጥ ሰው ሊረዳኝ ይችላል?

ይችላል። ለመምረጥ ዜጋ መሆን ግዴታ ነው። ግሪን ካርድ ብቻ ያለው ሰው ከመረጠ ወይም ለመራጭነት ከተመዘገበ ራሱን ትልቅ ጣጣ ውስጥ ይከታል። ዜጋ ከሆኑ ግን የቋንቋ ችግር አያስቀርዎትም። የፌዴራሉ የመራጮች ሕግ ወረቀቱን ማንበብ የሚያቅተው ሰው የሚረዳውን ራሱ መርጦ ይዞ እንዲገባ ይፈቅዳል። ልጅዎ፣ ጎረቤትዎ፣ የቤተ ክርስቲያን ወይም የመስጊድ ወዳጅዎ ሊሆን ይችላል። አሠሪዎና የሠራተኛ ማኅበርዎ ተወካይ ብቻ አይሆኑም።

ቨርጂኒያ ውስጥ ሲመዘገቡ ፓርቲ አይጠየቁም። ቀድሞ መምረጥ የሚጀመረው ከምርጫው 45 ቀን አስቀድሞ ነው፤ ምክንያት ማቅረብ አያስፈልግም። የቅዳሜ ፈረቃ ያለው ሰው በሥራ ቀን፣ የሥራ ቀን የማይመቸው በቅዳሜ መሄድ ይችላል። ወረቀቱን ከተቀበሉ በኋላ ጀርባውን ያገላብጡ። የሕገ መንግሥት ማሻሻያዎች ብዙ ጊዜ ከእጩዎቹ ስም በታች ወይም በስተኋላ ስለሚታተሙ ሳያዩዋቸው የሚወጡ ሰዎች ጥቂት አይደሉም።